ለአገር ልጅ ደራሲ በዓል ማዘጋጀት፦ ለወሎ ከተሞች የሚሆን መመሪያ

ደራሲን ለማክበር በሚዘጋጁ በዓላት ላይ ብዙ ጊዜ የማይገኘው ደራሲው ነው። ባነሩ አለ። ቲሸርቱ አለ። የክብር እንግዳው አለ። ግማሽ ቀን ሙሉ «ታላቁ ደራሲያችን» ሲባል ይዋላል። ሰውየው ከጻፈው ግን አንድ ገጽ እንኳ ሳይነበብ ሕዝቡ ይበተናል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን በዓል በወሎ ከተሞች ለማዘጋጀት ለሚያስቡ ነው። ለመምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለቅሬ (ለእድር) ሰብሳቢዎች፣ ክረምት ላይ አገር ቤት ለሚገቡ ተማሪዎች። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ጊዜ ግን ይፈልጋል። ስድስት ወር ካላችሁ በቂ ነው። ከሦስት ወር ያነሰ ከቀራችሁ ለከርሞ አቆዩት፤ በጥድፊያ የሚሠራ በዓል መጨረሻው ባነርና ቲሸርት ነው።

1. ማንን እንደምታከብሩ ቁረጡ

ወሎ ጸሐፊ አያጣም። የሚያስቸግረው አንዱን መምረጥ ነው።

ዋግ ላይ ከሆናችሁ ማሞ ውድነህ አለላችሁ። የአምደወርቅ ልጅ ነው። የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሰ አንድ ትውልድ መጽሐፍ እንዲገዛ ያስለመደ፣ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርንም የመራ ሰው ነው። ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ስለሆነ በአካል የሚያውቁት ሰዎች ዛሬም አሉ። ቦረና ላይ ከሆናችሁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አሉ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩ፣ መጽሐፈ ምሥጢርንና አርጋኖንን የጻፉ ሊቅ።

ብዙ ሰው የማያውቃቸው ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የቤተ አምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ያ አገር ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእሳቸው በተማረው ላይ የቆመ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያፈራ አገር አንድ የንባብ ቀን ቢያዘጋጅላቸው አይበዛባቸውም።

በሌላው ወገን ሸኽ ሑሴን ጅብሪል አሉ። ግጥሞቻቸው ከወረቀት ይልቅ በሰው አፍ ነው የኖሩት። ሸኽ ጠልሃ ጃዕፈርም አሉ፤ እሳቸው አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ ከጻፉት የወሎ ዑለማ አንዱ ናቸው።

ታዲያ ስትመርጡ ዝናን መለኪያ አታድርጉ። «ጽሑፉን በእጃችን ማስገባት እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ የገነነ፣ መጽሐፉ ግን አንድም ቤት የማይገኝ ደራሲ ከሆነ ንግግር እንጂ ንባብ አይኖራችሁም።

አንድ ጥንቃቄ። የመረጣችሁት ሰው የሃይማኖት አባት ከሆነ ቀኑ አስቀድሞ ባለቤት አለው። አባ ጊዮርጊስ ሐምሌ 7 በቤተ ክርስቲያን ይታሰባሉ። እናንተ ሌላ «ፌስቲቫል» ብላችሁ ጎን ለጎን አትቁሙ። ደብሩን፣ ገዳሙን ወይም መስጊዱን ቀድማችሁ አማክሩ። የእናንተ ድርሻ የንባብና የታሪክ ክፍሉ ይሁን፤ ሥርዓቱን ለባለቤቶቹ ተዉ። መንዙማም እንደዚያው ነው። ለባለቤቶቹ ዱዓ ነው፤ የመድረክ ማድመቂያ አታድርጉት። የትና መቼ እንደሚባል እነሱ ይንገሯችሁ።

2. ጽሑፉን ሰብስቡ፣ ፈቃዱንም አብራችሁ

አዲስ አበባ ለሚኖር የአገራችሁ ልጅ ይህን ሥራ ስጡት። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ የደራሲውን ሥራዎች ዝርዝር ያውጣ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ይግባ። ከዚያ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ይዙር። እናንተ ደግሞ ከተማ ውስጥ ፈልጉ። ጡረታ የወጡ መምህራን ቤት፣ አልጋ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ደሴ ላይ ከሆናችሁ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማሩ አዛውንቶችን ጠይቁ።

አሁን ፈቃዱ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። በ2004 ዓ.ም. ያረፈ ደራሲ ሥራ እስከ 2054 ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ወራሾቹን ፈልጉና በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። ደብዳቤው አጭር ይሁን። የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ገጽ፣ የት እንደሚነበብ፣ እንደሚቀረጽና እንደማይቀረጽ፣ ትንሽ መጽሔት ታትሞ እንደሚታደል ወይም እንደሚሸጥ በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ቤተሰብ በደስታ ነው የሚፈቅደው። የሚከፋው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

የጥንቱ ሰው ጽሑፍ ነፃ ነው። የዛሬው ተርጓሚና አዘጋጅ ግን መብት አላቸው። የግእዙን መጽሐፍ በአማርኛ ትርጉሙ የምታነቡ ከሆነ ተርጓሚውን ጠይቁ፤ ስሙንም ጥሩ።

3. ኮሚቴውን ከቅሬው ጀምሩ

ኮሚቴ ሲባል ብዙዎቻችን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እንጀምራለን። እኔ ከቅሬው ጀምሩ እላለሁ። ወሎ ውስጥ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰውን በአንድ ቀን የመጥራት አቅሙ ያለው ቅሬ ጋ ነው። የቅሬው ሰብሳቢ «ቅዳሜ ሁላችሁም ውጡ» ካሉ ሰው ይወጣል። በደብዳቤ የተጠራ ሰው ግን ደብዳቤውን ኪሱ አስገብቶ ይረሳዋል።

ሰባት ሰው ይበቃል። አንድ የአማርኛ መምህር፣ ከሁለት ቅሬ ሁለት ሰው፣ የደራሲው ዘመድ፣ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ፣ አንድ ሒሳብ የሚያውቅ፣ አንድ ወጣት። ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፤ ምክንያቱ የቡናው ክፍል ላይ ሲደርስ ይገባችኋል።

አንድ የማይቀር ጠብ አለ። ሁለት ቀበሌ ተነሥቶ «የተወለደው እኛ ጋ ነው» ይላል። ዳኝነት ውስጥ አትግቡ። አንዱ ቀበሌ የልጅነት ታሪኩን ያስተናግድ፣ ሌላው የተማረበትን። ሽማግሌዎች ባሉበት አገር ይህ በአንድ ቡና ያልቃል።

4. ቀኑን ስትመርጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ቀኑ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

በዝናቡ ጀምሩ። ክረምቱን ሁሉም ያውቀዋል። የወሎ ደጋ ግን በልግም አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሰማዩ አይታመንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ገበሬው አይመጣም። ገበሬው ያልመጣበት በዓል የቢሮ ስብሰባ ነው።

ከዚያ ጾሙን እዩ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። በእነዚህ ዓመታት ከዐቢይ ጾም ጋር ሲገናኝም አይተናል። ሁለቱም ጾም በሚሆንበት ሰሞን ድግስ አታስቡ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ በዚያ ሰሞን ወደ አምባሰል የሚወስድ መኪናም ሆነ ደሴ ላይ አልጋ ማግኘት ፈተና ነው። ታኅሣሥ 29 ሁሉም ፊቱን ወደ ላሊበላ ያዞራል። መውሊድንም ቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድማችሁ አክብቡት።

የሚቀረው ጥቅምትና የጥር መጨረሻ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ጥቅምት። ዝናቡ አባርቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ዋግ ላይ ላሉ ግን ሌላ መንገድ አለ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ባለው የሻደይ ሰሞን የአገሩ ልጅ ሁሉ ይገባል። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል በዚያው ወቅት ነው። አዳራሽ ካላችሁና ዝናቡን ካልፈራችሁ፣ ከበዓሉ ማግስት አንድ የንባብ ከሰዓት መጨመር ይቻላል።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ጁምዓም አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ቅዳሜ የከተማችሁ ገበያ ከሆነ ግን አስቡበት። ገበያውን ከመሸሽ መጠቀም ይቻላል። ባቲን የመሰለ የሰኞ ገበያ ያለው ከተማ ዋናውን በዓል ቅዳሜ አድርጎ፣ ሰኞ ገበያው ዳር አንዲት ትንሽ የንባብ ድንኳን ቢተክል ከየገጠሩ የመጣው ሰው ቆም ብሎ ይሰማል።

5. ፈቃድና ገንዘብ

ለከተማ አስተዳደሩና ለፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማኅተም ያለበትን መልስ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። የጸጥታው ሁኔታ የሚያሳስብ ከሆነ የማታ ፕሮግራም አይኑር፤ ሰው ብርሃን ሳለ ቤቱ ይግባ። መንገድ የማያስተማምን ከሆነ ከሩቅ እንግዳ አትጥሩ። በየቤቱ የሚደረገው ንባብ ብቻውን በቂ በዓል ነው።

ገንዘቡ በግለሰብ ቴሌብር አይሰብሰብ። ሰውየው የፈለገውን ያህል ታማኝ ቢሆን አይሰብሰብ። በቅሬው ወይም በትምህርት ቤቱ ስም ባለ፣ ሦስት ሰው በሚፈርምበት ሒሳብ ይግባ። ከገንዘብ በፊት ግን ዕቃ ጠይቁ። ነጋዴ 2 ኩንታል ስኳር ከሚያህል ጥሬ ብር ይልቅ ስኳሩን ቀለል ብሎት ይሰጣል። ስፖንሰር ከተገኘ አንድ ነገር በጽሑፍ ተስማሙ፦ የድርጅቱ ስም ባነሩ ላይ ከደራሲው ስም አይበልጥም። የሚያስቅ ይመስላል። ባነሮቹን ሄዳችሁ ተመልከቱ።

6. የቡና ንባብ

የበዓሉ ልብ ይህ ነው። ከዋናው ቀን በፊት አራት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየቅሬው ቡና አፍልታ ጎረቤት የምትጠራ ባለቤት ምረጡ። ይህን የሚያውቁት የኮሚቴው ሴቶች ናቸው። የማን ቤት እንደሚሞላ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ቡና ቶሎ እንደሚደርስ ያውቃሉ። ወንዶቹ ከመረጡት ግን የኮሚቴው ዘመድ ቤት ሆኖ ይቀራል። ስኳሩንና ቡናውን ኮሚቴው ይስጥ። ቆሎውን ባለቤቷ አትከለክልም።

አንባቢው አንድ ይሁን። የሠፈሩ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ሲገባ መጽሐፉን ከፍቶ አይቀመጥ። ሰላም ይበል፣ ይጠይቅ፣ ቡናው ሲቆላ ይጠብቅ።

አቦሉ ሲቀዳ ያንብብ። ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ሰው በሲኒ ፊት የሚያዳምጠው ያንን ያህል ነው። ንግግር ያለበት፣ ሰው የሚጣላበት ወይም የሚጓዝበት ክፍል ምረጡ። የመጽሐፍ መግቢያ ለቡና አይሆንም። ቶናው ላይ አንባቢው ዝም ይበል፤ ተራው የቤቱ ሰዎች ነው። «እማማ፣ ይቺ የሰማናት ነገር በእርስዎ ጊዜ እንዴት ነበረች?» ብሎ አንድ ጥያቄ ከወረወረ ይበቃል። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አድማጭ ነው። በረካው ላይ ታላቅ ሰው ይመርቃሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ያበቃል። ሰው ጨዋታ ከያዘ አትቸኩሉ። መርሐ ግብሩን ሦስቱ ሲኒዎች ይመሩታል፤ ሌላ መድረክ መሪ አያስፈልግም።

ደራሲውን በአካል የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልክ ቅረጹ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጡት፤ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። እሳቸው በተቀመጡበት መደብ ላይ፣ የተጣጠፈ ጋቢ ከሥሩ አድርጋችሁ፣ የስልኩን የታችኛ ጫፍ ወደ አፋቸው አዙሩት። ድምፁ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ስልኩን ከጥሪ ዝጉት። ከመጀመራችሁ በፊት ስማቸውን፣ አገራቸውንና ቀኑን ራሳቸው ይናገሩ። ያን ማታ ፋይሉን ወደ ሌላ ስልክና ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ነገ የሚባል ነገር የለም።

አጀሚ ወይም ግእዝ ከሆነ ጽሑፉን ከሚያውቀው ሰው አፍ መስማት አለባችሁ። ከአጀሚው የሚያነብ ደረሳ ወይም ሸኽ፣ ከግእዙ የሚያነብ መሪጌታ ይምጣ። ከዚያ አማርኛው ይከተል። የክርስቲያን ቤት የሸኹ ግጥም ቢነበብ፣ የሙስሊም ቤት የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ቢወራ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሆን ብላችሁ አቀላቅሉት።

7. ልጆቹን ለንባብ አሠልጥኑ

ትምህርት ቤቶች «ስለ ደራሲው ድርሰት ጻፉ» ማለት ይወዳሉ። ከዚያ ሃምሳ ድርሰት ይመጣል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ይልቅ ጮክ ብሎ የማንበብ ውድድር አድርጉ።

ጽሑፉን በትልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ብቻ አትሙ። ገጹ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ አይቆረጥ፤ ልጁ ወረቀት ሲገለብጥ ሐሳቡ ይበተናል። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ አግድም መስመር ይሥራበት። ጠብቀው የሚነበቡ ቃላት ላይ ነጥብ ያድርግ፤ ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይምና ልጅ ድንጋጤ ላይ ያላላዋል። ለሦስት ሳምንት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ጓደኛው ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ እየሰማው ይለማመድ። ጓደኛው ካልሰማው ማይክም አያድነውም።

ሽልማቱ መጽሐፍ ይሁን።

8. ዐውደ ርዕይና የመታሰቢያ ጽሑፍ

ቤተሰቡ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ መነጽር፣ የጽሕፈት መኪና ሊያውስ ይችላል። ስትረከቡ ፎቶ አንሡት፣ በሁለት ኮፒ ፈርሙ፣ የሚመለስበትን ቀን ጻፉ። ደብዳቤና ፎቶ ከሆነ ኦሪጅናሉን አትስቀሉ። ስካን አድርጋችሁ ኮፒውን ስቀሉ፤ ኦሪጅናሉ ዛሬውኑ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። «እንዳይበላሽ» ብላችሁ ላሚኔት እንዳታስደርጉ! ላሚኔት የሆነ ወረቀት አብቅቶለታል፤ ፕላስቲኩን ያለ ጉዳት ማንሣት አይቻልም። ዕቃውን ለማሳየት የሱቅ የመስታወት ሳጥን ተዋሱ፤ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ጥግ አድርጉት። የብራና መጽሐፍ ከሆነ ከደብሩ ወይም ከገዳሙ አይወጣም። ማየት የፈለገ እዚያው ሄዶ ይይ።

ለአባ ጎርጎርዮስ ዘመን ሰው ፎቶ የለም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የእሳቸው የተቀረጸ ምስል በሉዶልፍ መጻሕፍት ዘመን ታትሟል። ሌላው ሰው ምስል ከሌለው ግን በኮምፒውተር ፊት አትፍጠሩለት። የእጅ ጽሑፉን ወይም የመንደሩን ፎቶ አድርጉ። አንዴ የተፈጠረ ፊት ከርሞ «እውነተኛ ፎቶ» ተብሎ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል።

በተወለደበት ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ለማድረግ መጀመሪያ አሁን የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ቤቱ የእሱ ነው። ከዚያ የመቃብር ሐውልት የሚሠሩት ባለሙያዎች ጋ ሂዱ፤ እብነ በረድ ላይ ፊደል መቅረጽ የሚያውቁ እነሱ ናቸው። የሚቀርጹት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፤ ስሕተቱንም ጭምር። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ሰው ለየብቻ ያንብበው። የስሙን ፊደል ደራሲው ራሱ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደጻፈው ጻፉ። ዓመቱ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ይለይ። የልደት ዓመት ላይ ሁለት ወሬ ካለ የልደቱን ተዉትና የኖረበትን ዘመን ጻፉ።

መንገድ ወይም አደባባይ በስሙ ለማሰየም ጉዳዩ የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ረጅም ነው። የትምህርት ቤቱን ንባብ ክፍል መሰየም በአንድ ስብሰባ ያልቃል።

9. ዋናው ቀን

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሩ። የክብር እንግዳው ባይደርሱም ጀምሩ። ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሕፃናትን ማየት የለመድን ቢሆንም ልማዱ አይቀጥል። 6 ሰዓት ላይ የጠዋቱን ዝጉ። ዙሁር እስኪሰገድና ምሳ እስኪበላ ዕረፍት ነው። 7:30 ተመለሱና የዐስር ሶላት ሳይደርስ ጨርሱ። አዛን ሲል ማይኩ ይዘጋ። ይህን ለመድረክ መሪው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በመሐል ሮጣችሁ እጁን አትያዙት።

ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ጉዳይ። «አምስት ደቂቃ» ብትሏቸው ሃያ ይናገራሉ። መላ አለው። ከሦስት ቀን በፊት ከደራሲው ሥራ አንድ ገጽ ላኩላቸውና «ጌታዬ፣ ይህችን እርስዎ ቢያነቡልን ሕዝቡ ደስ ይለዋል» በሏቸው። ከንቲባውም፣ ቄሱም፣ ሸኹም፣ ባለሀብቱም አንዳንድ ገጽ ያንብቡ። ንግግሩ ንባብ ሆነ፤ ሰዓቱም ዳነ። ደራሲው የሚያከራክር ነገር ጽፎ ከሆነ እሱንም አንብቡት። የማይከራከሩበት ሰው ሐውልት ብቻ ነው።

ምሳው። እዚህ ላይ ስንት ድግስ ተበላሽቷል። ሥጋ ካለ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ወጥ ቤት ያስፈልጋል። የሠርግ ቤት ይህን ይችለዋል። የኮሚቴ ድግስ ግን ጭልፋው መቀያየሩ አይቀርም፤ ያኔ ሰው ደስ ሳይለው ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሥጋውን ተዉት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፤ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል፣ ሒሳቡም ይቀላል። መጠጡ ቀሪቦ ይሁን። ጠላ የሚወድ ማታ ቤቱ ይጠጣ።

ድምፅ። ሁለት ሞንታርቦና ሁለት ማይክ ለሜዳ ይበቃል። መብራት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ አስቡ። ጄነሬተር ተዋሱ፤ ነዳጁን ከማታው ሙሉት፤ ከመድረኩ ጀርባ ራቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ ከአንባቢው ጋር ይጮሃል።

ዘፈን። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ያገኙ ቅኝቶች ናቸው። ትዝታና አንቺ ሆዬን ጨምሩ፣ አራቱም ሞሉ። ስለዚህ ዲጄ ምን ያደርግላችኋል? አንድ ጥሩ ባለማሲንቆ ፈልጉ። ግጥም ከሆነ ሥራው ስንኞቹን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ስጡት፤ ሁሉን ይዝፈን አትበሉ፣ ለቅኝቱ የሚስማማውን እሱ ይምረጥ። ዋጋውን በቁርጥ ተነጋገሩ። መድረክ ላይ ሽልማት እንደማይኖር ደግሞ አስረግጣችሁ ንገሩት፤ ካልሆነ እያንዳንዱን ባለሀብት በስም እያወደሰ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ደራሲውም ይረሳል። ሙያው ነው፣ አይፈረድበትም።

መድረኩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ መጽሐፉ ይሸጥበት። አከፋፋዩ «ያልተሸጠው ይመለሳል» በሚል ውል ይስጣችሁ። ገበያ ላይ የጠፋ መጽሐፍ ከሆነ ለወራሾቹና ለአሳታሚዎች «ስንት ሰው ይፈልገዋል?» የሚል የፊርማ ዝርዝር ክፈቱ። ሁለት መቶ ስም ያለበት ወረቀት ከመቶ ልመና ይበልጣል።

10. በማግስቱ

በሳምንት ውስጥ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ለየቅሬውም በንባብ ይነገር። የተዋሳችሁትን ፎቶና ዕቃ በተፈራረማችሁበት ወረቀት እያመሳከራችሁ መልሱ። የተቀረጸውን ድምፅ አንድ ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ፣ አንድ ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ አቅራቢያችሁ ከሆነም አንድ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ገንዘብ ከተረፈ መጽሐፉን ገዝታችሁ ለየትምህርት ቤቱ አከፋፍሉ። ግን ቁልፍ ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ ቁልፉ ሁልጊዜ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።

የሚቀጥለውን ዓመት ቀን ኮሚቴው ሳይበተን ቁረጡ። የቅሬው ድንኳንና አግዳሚ ደግሞ ተቆጥሮ፣ ጭቃው ታጥቦ፣ የተሰበረው ተጠግኖ እስከ ሰኞ ይመለስ። ማክሰኞ ለቅሶ ቢኖርስ?